ከባሕር ዳር አዘዞ፣ ለማን ይርቃል?

ጡረታ ስወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ዕድሜ ልኩን አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ሰዓት መስጠት ማላገጥ ይመስለኛል፤ እነሱ ግን ከልባቸው ነው የሰጡኝ፣ አጨበጨቡም። በቁልፍ የሚሞላ ሸጋ ሰዓት ነው። ንግግር አድርግ አሉኝ። ንግግር አልወድም። "የሠራሁትን ሠርቻለሁ፤ የቀረውን እናንተ ሥሩት" ብዬ ተቀመጥኩ።

በዚያው ግብዣ ላይ ሁለት ወጣት ሠራተኞች ከአዘዞ ባሕር ዳር በአይሮፕላን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይከራከራሉ። አንዱ ሃያ ይላል፣ ሌላው ሃያ አምስት። ዞረው፣ "አያ ካሴ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን" አሉኝ።

"ለማን?" አልኳቸው።

ተያዩ። ሽማግሌው ጠጥቷል ብለው ሳይሆን አይቀርም። አልጠጣሁም። መልሱ ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነው፣ የአያ ተገኘ። ብዕር ያነሳሁትም ስለሱ ለመጻፍ ነው። ስለኔማ ብዙ የሚጻፍ የለም፤ ቢኖርም ለሰው አልነግርም።

አዘዞ የተቀጠርኩት ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የያኔው አይሮፕላን ማረፊያ ማለት ጠጠርና ሣር ነው። ዳር ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች፤ ውስጧ ሬድዮ፣ ሚዛን፣ አንድ አግዳሚና የጣቢያ ኃላፊ። አጥር የሚባል የለም። ለአዘዞና ለፀዳ ሰው ሜዳው የአባቶቹ ግጦሽ ነው። አልፎ አልፎ ከሰማይ የሚወርደው ነገር እንግዳ ነው፤ ለእንግዳ ተብሎ ደግሞ ከብት ጾሙን አያድርም። አይሮፕላን ከባሕር ዳር ተነሣ የሚል ወሬ በሬድዮ ሲመጣ፣ እሱ ሐይቁን ተሻግሮ እስኪደርስ እኛ በሬውን፣ አህያውንና የበሬውን ባለቤት ከሜዳው ማስወጣት ነበረብን። ከሦስቱ የሚያስቸግረው ባለቤቱ ነው።

አያ ተገኘ የሜዳው ሠራተኞች አለቃ ነበር። ከዚያ በፊት በቅሎ ነጂ ነው፤ ከጎንደር ዛሪማ፣ ከጎንደር ባሕር ዳር ጭነት ሲያመላልስ የኖረ። የመጀመሪያ ቀን ያስተማረኝ ጫማ ማውለቅን ነው። እኔ ለአዲስ ሥራ ብዬ ከጎንደር አራዳ ጫማ ገዝቼ መጥቻለሁ።

"አውልቅ" አለኝ።

"ምነው አያ ተገኘ፣ ገና ዛሬ ያደረግሁት ነው እኮ።"

"በብብትህ ያዘው። ዓይንህ የሚያየው ሣሩን ነው፣ ልጅ ካሴ። ከሣሩ ሥር ያለውን ድንጋይ እግርህ ይፈልገው።"

ጠዋት ጠዋት ጫማችንን በብብታችን ይዘን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እንሄድበታለን። እሱ አንዱን ጠርዝ፣ እኔ ሌላውን። ፍልፈል ሌሊት የቆፈረችውን እንደፍናለን፣ ድንጋይ እንለቅማለን፣ ዝናብ ዘንቦ ከሆነ ተረከዛችንን ተክለን ጭቃው ምን ያህል እንደሚውጠን እናያለን። ተረከዝ ተውጦ ቁርጭምጭሚት ከነካ፣ አያ ተገኘ ለጣቢያው ኃላፊ "ዛሬ አይወርድም" ይላል። ኃላፊው ይቆጣል። አያ ተገኘ እግሩን ይታጠባል። አይሮፕላኑ አይወርድም።

ሁለተኛው ትምህርት ጭስ ነው። ነፋስ በየት በኩል እንደሚነፍስ ለአብራሪው የሚያሳይ የከረጢት ጨርቅ ነበረን። ሁለት ጊዜ ሰቀልነው፣ ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሁለተኛውን ቅዳሜ ገበያ ላይ ሱሪ ሆኖ አየሁት፤ ለሰውየው ልክ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጭስ ማጨስ ጀመርን። ከሥር ደረቅ ኩበት፣ ከላይ እርጥብ ሣር። ሣሩ ሲበዛ እሳቱ ይታፈናል፣ ሲያንስ ነበልባል ብቻ ይሆንና ከሰማይ አይታይም። ቦታውም ብልሃት አለው፤ ጭሱ ሜዳውን እንዳይሸፍን ነፋሱ ወደ ውጭ በሚወስድበት ጠርዝ መሆን አለበት። አያ ተገኘ እሳቱን ለኩሶ ወደ ኋላ ይልና እንደ ወጥ ቀማሽ አንገቱን አዘንብሎ ያየዋል። "ትንሽ ሣር" ይለኛል። አንድ እፍኝ እጨምራለሁ። "በቃ።" እኔ እስከ ጡረታዬ ያቺን የመጨረሻዋን እፍኝ እንደሱ አላወቅኋትም።

ሦስተኛው ያ "ለማን" ነው። ከዚያ ለባሕር ዳር ስንት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ መልሱ እሱ ነበር። ነጋዴ ሲሆን "ለጭነትህ ነው ላንተ?" ይላል። በበቅሎ ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጭነት ማኪና ጎማ ካልፈነዳ ከንጋት እስከ ምሽት፣ በአይሮፕላን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሦስቱንም ያውቃል፤ ሦስተኛውን ግን በወሬ ብቻ። ለአይሮፕላን ሜዳ ያቀና፣ ጭስ ያጨሰ፣ ዕቃ የጫነ ሰው ተሳፍሮ አያውቅም። ይህ እኔን ያናድደኛል፣ እሱን አያናድደውም። አንድ ቀን ልጇ ባሕር ዳር ታሞ የተኛባት ሴት መጥታ ርቀቱን ጠየቀችው። "ላንቺ ሩቅ ነው እናቴ" አላትና ጋቢውን አነጠፈላት፤ አይሮፕላኑ እስኪመጣ አብሯት ተቀመጠ።

ስለ ደመወዝ አላወራም፤ ሲወራ ያሳፍራል። ስለ አለቆችም ብዙ አልልም። አንዱ መጥረጊያ ሲቆልፍ የሚውል ነበር። አንዱ ጥሩ ሰው ነበር፣ ቶሎ አነሡት። ረጅሙን ጊዜ የቆየው ከአዲስ አበባ የመጣው አቶ ለገሰ ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በድንጋይ ላይ እየዘለለ የሚሄድ፣ ሲቆጣ ድምፁ የሚቀጥን ሰው ነው። ፊደል እንድቆጥር ያደረገኝ እሱ ነው፣ በደግነት አይደለም። የአንድ አባ ሻንጣ ባሕር ዳር መውረድ ሲገባው አሥመራ ሄደ። በሻንጣው ላይ የጣቢያው ጸሐፊ ሁለት ወረቀት አንጠልጥሎበት ነበር፤ እኔ ማንበብ አልችልምና እንደ መሰለኝ ጫንኩት። አባ ለንግሥ በዓል የሰው ካባ ተውሰው ቆሙ፤ ካባው አጭር ነበር አሉ። አቶ ለገሰ በሰው ፊት "ሸክም የሚያውቅ፣ የሚሸከመውን የማያውቅ" አለኝ። ነደደኝ። ጎልማሳ ሆኜ፣ ሚስቴ እየሳቀች፣ ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀሁ አልኩ። በመጀመሪያ አጥርቼ ያነበብኩት ቃል "ተሰባሪ" የሚል ነው፤ ዕቃ ላይ የተጻፈ። ከዚያ በፊት ስንቱን እንደወረወርኩት አላስታውስም።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ነገር ልምጣ።

የአያ ተገኘ ልጅ አድማሱ ባሕር ዳር ሥራ ይዞ እዚያው አንዲት ብርቄ የምትባል ልጅ አጨ። ሠርጉ የቅበላ እሑድ ሆነ፤ በማግሥቱ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። አያ ተገኘ በኑሮው አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፦ ምራቱ በአይሮፕላን እንድትመጣለት። "እኔ በቅሎ ስነዳ በኖርኩበት መንገድ እሷ አቧራ ሳይነካት ትምጣ" አለ። ለሠራተኛ ቤተሰብ ትኬት በቅናሽ ይሰጥ ስለነበር፣ ለሙሽሮቹና ለሁለት ሚዜዎች ቦታ ተገኘ። ይህን ያስጨረሰው፣ እውነቱን መናገር አለብኝ፣ አቶ ለገሰ ነው። እሑድ ጠዋት እነሱ ባሕር ዳር ሥርዓቱን ይፈጽማሉ፤ ከሰዓት በኋላ አዘዞ ይወርዳሉ፤ ፀዳ ዳስ ተጥሏል፣ ሠንጋው ታርዷል። የነፍስ አባቱ ግን አስቀድመው ተናግረዋል፦ "ፀሐይ ሳትገባ ከገባች ደግ። ካለዚያ ጾም ገብቶ ሙሽራ በዘፈን አላስገባም፤ ባሕር ዳር አባቷ ቤት ትቀመጥና ለፋሲካ ትመጣለች።"

አያ ተገኘ በዚያ ቀን የሙሽራው አባት ነውና ሥራ አልገባም። ሜዳውን ለኔ ሰጠኝ። አዲስ ኮት ለብሶ፣ አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ከዘመዱ ሁሉ ጋር መጣ። ከበሮ አለ፣ ፈረሰኞች አሉ፣ ከፊት ታናሽ እህቱ የሽመቤት አለች፤ ድምፅዋ ከአዘዞ ጎንደር የሚሰማ ሴት ናት።

በኛ አገር ሙሽራ ደጅ ላይ ቆሞ አይጠበቅም። ሜዳ አቋርጦ፣ ወንዝ ተሻግሮ ነው የሚቀበሉት፤ ርቆ ሄዶ መቀበል ክብር ነው። ይህን ስለማውቅ ቀድሜ ሄድኩና ዳር ካለው ባሕር ዛፍ እንዳታልፉ አልኳቸው።

"ምነው ካሴ፣" አለች የሽመቤት፣ "ጥላ ፍለጋ የመጣን መሰለህ?"

"አይሮፕላን ነው እኮ የሚመጣው፣ በቅሎ አይደለም።"

"በምንም ትምጣ፣ ሙሽራ ናት። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቋት ይበሉን?"

አያ ተገኘን አየሁት። "እኔ አለሁ፤ አይነቃነቁም" አለኝ። አመንኩት። እሱን ያላመንኩ ማንን አምናለሁ።

አቶ ለገሰ በመስኮት ብቅ ብሎ "ተነሥቷል" አለ። ጭሴን ለኮስኩ። ሸጋ ጭስ ነበር፣ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ወደ ደቡብ ዘመመ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ከሐይቁ በኩል ተሰማ።

ድምፁ ሲሰማ መጀመሪያ አንድ ፈረስ ወጣ። ቀጥሎ የሽመቤት። ከዚያ ከበሮው። ቀና ስል ከሁሉ ፊት አያ ተገኘ እጁን ዘርግቶ በሜዳው መካከል ይሄዳል። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ሜዳ ሰው ሲያስወጣ የኖረ ሰው። ያን ጫማ ስላደረገ ነው እላለሁ እስከ ዛሬ፤ እግሩ መሬቱን ነክቶት ቢሆን የት እንዳለ ይነግረው ነበር።

ቀይ ጨርቄን ይዤ ሮጥኩ። ከፊታቸው እየሮጥኩ ጨርቁን አራገብኩ፣ ተመለሱ ብዬ ጮኽኩ። ከበሮው ዋጠኝ። ከፊት ጨርቅ የሚያራግብ ሰው ደግሞ በሠርግ ላይ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ጭፈራ መሪ ነው። እኔ ወደ ቀኝ ስሮጥ ወደ ቀኝ ተከተሉኝ፣ ወደ ግራ ስሮጥ ወደ ግራ። አንዱ እንዲያውም "ካሴ ለካ እንዲህ ታውቅበታለህ" አለኝ።

አይሮፕላኑ ዝቅ ብሎ መጣ፣ አየንና አፍንጫውን ሽቅብ አነሣ፤ በላያችን ዞረ።

"ዞረችልን" አለች የሽመቤት፤ እልልታው ቀለጠ። ፈረሰኞቹም አጸፋውን ለመመለስ ሜዳውን ይዞሩ ጀመር። አብራሪው ሁለተኛ መጣ። ሁለተኛ ዞረ። ሕዝቡ እንዲህ ያለ ወግ አዋቂ ፈረንጅ አይቶ እንደማያውቅ ተነጋገረ። በሦስተኛው አልወረደም፣ አልዞረም፤ ወደ መጣበት እያነሰ ሄደ። ከበሮው ቆመ።

"አሁን ወዴት ነው?" አለች የሽመቤት።

"ወደ ባሕር ዳር" አልኳት።

"ምን ረስታ?"

ስድብ ነበር የመጣብኝ፣ እሱንም ቆይቼ ሰጠሁ፤ ያን ያህል አልረዳም። አያ ተገኘ ሜዳው መካከል ቆሟል። የገባው እሱ ብቻ ነው። ፊቱ ጭስ የመታው መሰለ። ቀስ ብሎ ሄደና ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።

አቶ ለገሰ ሬድዮው አጠገብ ቆይቶ፣ እየዘለለ ሳይሆን አቧራውንም እበቱንም እየረገጠ መጣ። ድምፁ ቀጥኗል። "አብራሪው ባሕር ዳር ወርዷል። ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ መንገደኞች አሉ ብዬ ለምኜዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። ሜዳው ላይ አንዲት ጥጃ እንኳ ካየ ቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ነው። ሙሽሮቹን ደግሞ ባሕር ዳር አውርዷቸዋል፤ ሜዳው ባዶ ነው የሚል ቃል ከኔ ካልሰማ መልሶ አይጭናቸውም። ቃሉን ልስጥ?"

ወደኔ ነው የሚያየው። እኔ ሕዝቡን አየሁ። ፀሐይዋን አየሁ። በማኪና ቢመጡ ነገ ማታ ነው፤ ነገ ጾም ነው። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ያለች ሙሽራ ሁለት ወር ልትርቅ ነው።

"ከሜዳው ውጡ" አልኳቸው።

"ወደ ኋላ?" አለች የሽመቤት። "ሙሽራ ሊቀበል ወጥቶ ወደ ኋላ የሚመለስ? ይህንስ ለጠላቴም አልመኝ።" ሌሎቹም ደገፏት። የነፍስ አባቱ ሳይቀሩ ጃንጥላቸውን ተክለው አንድ ርምጃ ወደ ኋላ አልሉም። ክፋት አይደለም፤ ብርቄን ማክበራቸው ነው።

ዞር ስል አያ ተገኘ ጫማውን እያወለቀ ነው። አንዱን አወለቀ፣ ሁለተኛውን አወለቀ፣ በብብቱ አደረገ። ተነሥቶ ቆመ፤ ባዶ እግሩን ሣሩ ላይ እንደ ወትሮው ጠዋት አሸት አሸት አደረገ። ጭሴን አየ። ጭሱ አሁንም ወደ ደቡብ ይዘማል።

"የሽመቤት፣" አለ፣ "ከባሕር ዳር የሚመጣ በየት ይመጣል?"

"በዚያ።" ወደ ደቡብ፣ ከሜዳው ጫፍ ማዶ ወዳለው ጉብታ ጠቆመች።

"አይሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው የሚወርደው፤ ይህ ነፋስ ካልዞረ በዚያ ጉብታ አናት ላይ ነው የምታልፈው። ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? አሁን የቆምሽበት ለሙሽራይቱ ደጅ ነው። ርቀሽ ልትቀበያት ከሆነ የምትፈልጊው እዚያ ላይ ውጪ።"

የሽመቤት ጉብታውን አየች፣ ወንድሟን አየች። "ከዚያ ወዲያስ?"

"ከዚያ ወዲያ ሐይቁ ነው።"

"በሉ ከበሮውን አምጡ" አለች።

እንዲህ ያለ ሩጫ አላየሁም። ፈረስ፣ ከበሮ፣ ጃንጥላ፣ ነጠላ ሁሉ ሜዳውን ለቆ ወደ ጉብታው ጎረፈ። ሜዳው ባዶ ሆነ። እኔ በአንዱ ጠርዝ፣ አያ ተገኘ በሠርጉ ኮትና በባዶ እግሩ በሌላው ጠርዝ ሆነን፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄድንበት። የፈረስ ኮቴ የቆፈረውን ደፈንን። የወደቀ የከበሮ ማንገቻ አነሣን። ከዚያ እጄን ለአቶ ለገሰ አወዛወዝኩ፤ ቃሉን ሰጠ።

መጠበቅ ሥራዬ ነው፤ የዚያን ቀን ግን አልቻልኩበትም። ጭሱ እንዳይዞር ዓይኔን አልነቀልኩም። አያ ተገኘ አጠገቤ ቆሞ "ትንሽ ሣር" አለኝ። ጨመርኩ። "በቃ።"

"አያ ተገኘ፣ ስንት ይርቃል አሁን?" አልኩት፤ ላሾፍበት ነው።

"ዝም በል፣ ልጅ ካሴ" አለኝ።

መጣች። መጀመሪያ የጉብታው እልልታ ተሰማ፤ ቀጥሎ አይሮፕላኑ ከአናታቸው ላይ ብቅ አለ። ነጠላው ሁሉ ሲውለበለብ እዚህ ድረስ ይታያል። ጎማው ጠጠሩን ነካ፣ አቧራው ተነሣ፣ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሚዜዎቹ ወረዱ፣ አድማሱ ወረደ፣ ቀጥሎ ብርቄ ቬሏን በእጇ ሰብስባ ደረጃው ላይ ቆመች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ሜዳ፣ ጭስ፣ ቀይ ጨርቅ የያዘ ኮስታራ ሰው፣ ጫማውን በብብቱ የያዘ ሽማግሌ።

"አድማሱ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ዘመድ አለኝ አላልክም?"

አድማሱ ደነገጠ። "አባባ፣ ሰዎቹስ?"

"ሊቀበሏችሁ ሄደዋል" አለ አያ ተገኘ።

"ወዴት?"

"ወደ መጣችሁበት።"

ብርቄ አማቷን አየች፤ እግሩን አየች፤ ጫማውን አየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ሙሽራ አይስቅም፣ እሷ ግን እስክትንገዳገድ ሳቀች። እልል የሚል ሰው ስላልነበረ አቶ ለገሰ ከቆርቆሮ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ሆኖ እልል አለ። በዚያ በቀጭኑ ድምፁ። እኔ አጨበጨብኩ። እሱን ሰውዬ ከዚያ ቀን ወዲያ እንደ ቀድሞው መጥላት አቃተኝ፤ ሞክሬ ነበር።

የሽመቤት ከጉብታው ወርዳ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆርጦ ነበር። "ምነው እንዲህ ይርቃል" ብላ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

"እኔስ ከባሕር ዳር ሳይደክመኝ ነው የመጣሁት፣ እታለም" አለቻት ብርቄ። ፀሐይ ገና ነበረች፤ ፀዳ ዳሱ ውስጥ ስትገባ ጥላዋ ከፊቷ ረዝሞ ነበር። የነፍስ አባቱ ፀሐይዋን ዞር ብለው አዩ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ሥጋውንም እንደ ማንም በሉ።

አያ ተገኘ ሳይሳፈር ሞተ። ዛሬ ሜዳው ታጥሯል፤ ጭስ የሚያጨስ የለም፤ ጫማ የሚያወልቅም።

የተሸለምኩትን ሰዓት ወስጄ ለብርቄ ሰጠኋት። አሁን የልጅ ልጅ አይታለች። ባለፈው ስሄድ ሰዓቱ ከግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል፣ ግን ቆሟል። ቁልፉ ከሥሩ ተንጠልጥሏል።

"ምነው አትሞይውም?" አልኳት።

"ምን ያደርግልናል፣ አያ ካሴ" አለችኝ። "እኛ ደርሰናል እኮ።"